ከአውራ ጎዳና ወደ እግር መንገድ፦ የኤቨርግሌድስ የእግር ጉዞ መንገዶች ታሪክ

ለእግረኛ ከሜዳ የበለጠ ምቹ መሬት ያለ አይመስልም። ዳገቱ ትንፋሽ አያሳጥር፣ ቁልቁለቱ ጉልበት አይሰብር። ሜዳው ከባሕር ጋር ለመስተካከል ጥቂት ሲቀረው፣ ውሃም የዓመቱን ብዙ ጊዜ ሲተኛበት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እግር የሚረግጠው ደረቅ መሬት አብዛኛው በሰው እጅ የተሠራ መሆን ይኖርበታል። በዩናይትድ ስቴትስ የፍሎሪዳ ባሕረ ገብ መሬት ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው ኤቨርግሌድስ የዚህ ዓይነት አገር ነው። ሕፃንና ሽማግሌ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዞረው ከሚመለሱባቸው የእግር መንገዶቹ መካከል ብዙዎቹ ለእግረኛ ታስበው የተጀመሩ አልነበሩም። ረግረጉን አድርቆ የእርሻና የከተማ ቦታ ለማድረግ የተነሣው ታላቅ ሥራ ትቷቸው የሄደ ቅሪት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ የቦታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከኦኪቾቢ ሐይቅ እስከ ፍሎሪዳ ባሕረ ሰላጤ ድረስ ያለው ርቀት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የመሬቱ ዝቅታ በአንድ ኪሎ ሜትር 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ውሃው እንደ ወንዝ ቦይ ይዞ አይወርድም፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ በሚቆርጠው ረጅም ሣር መካከል በብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ስፋት ተነጥፎ፣ ለዓይን በማይታወቅ ዝግታ ወደ ደቡብ ይንቀሳቀሳል። በፓርኩ ዋና መንገድ ላይ «ሮክ ሪፍ ፓስ» የሚል ምልክት ተተክሏል፤ የተራራ በር እንደ ማለት ነው። ከስሙ ሥር የተጻፈው ከፍታ 3 ጫማ ሲሆን፣ ይኸውም ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው። እውነተኛ የተራራ በር የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለመሐንዲስ ግን ጉዳዩ የሚያስቅ አይደለም። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ የተሠራ ማንኛውም የሙሌት መንገድ፣ ሠሪው ቢያስበውም ባያስበውም፣ ግድብ ነው።

ያን ጊዜ ይህን ያሰበ ብዙ አልነበረም። በ1881 ሃሚልተን ዲስተን የተባለ የፊላደልፊያ ባለጸጋ 4 ሚሊዮን ኤከር የፍሎሪዳ መሬት በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ የማድረቅ ሥራም ጀመረ። ከ1905 እስከ 1909 የግዛቲቱ ገዥ የነበረው ናፖሊዮን ቦናፓርት ብሮዋርድ ደግሞ ኤቨርግሌድስን ማድረቅ የመንግሥቱ ዋና ዓላማ አደረገው። የክርክሩ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል፤ እንግዲያውስ ቦይ ቆፍሮ ወደ ባሕር መልቀቅ ነው። የሥበት ሕግ እውነት ነው። የተረሳው፣ ከሐይቁና ከሣሩ የሚወጣው ውሃ ለሌላ ሕይወት የተመደበ መሆኑ ነው።

በዚህ ዘመን ከሜዳው ጫፍ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ፍላሚንጎ የምትባል አነስተኛ መንደር ነበረች። ወደ እርሷ የሚደረሰው በጀልባ ብቻ ሲሆን፣ ነዋሪዎቿ ዓሣ በማጥመድ፣ ከሰል በማክሰልና ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ የሚሆን ላባ በማደን ይኖሩ ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ የነጭ ሳቢሳ ላባ በክብደቱ ከወርቅ ይበልጥ ያወጣ ነበር። ወፎቹን እንዲጠብቅ የተሾመው ጋይ ብራድሌይ በሐምሌ ወር 1905 ላባ አዳኞችን ለመያዝ በጀልባ ወጥቶ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ ሳይከሰስ ቀረ። ዛሬ በፍላሚንጎ የባሕሩን ዳር ይዞ የሚሄደው አጭር የእግር መንገድ በዚህ ሰው ስም ይጠራል።

ፍላሚንጎን ከመሬት ጋር ለማገናኘት የታሰበው አውራ ጎዳና ኢንግራም ሃይዌይ ተባለ። ስሙ የተወሰደው በ1892 ኤቨርግሌድስን አቋርጦ ካለፈው የጥናት ጓድ መሪና በኋላም የባቡር ኩባንያ ሹም ከሆነው ከጄምስ ኢንግራም ነው። ሥራው በ1910ዎቹ አጋማሽ ተጀምሮ ፍላሚንጎ የደረሰው በ1922 ነው። የአሠራሩ ዘዴ ለእንዲህ ያለ አገር የተለመደው ነበር። በአንድ በኩል የኖራውን ድንጋይ እየቆፈሩ ቦይ ያወጣሉ፤ የወጣውን ድንጋይ በሌላው በኩል ከምረው ይደለድላሉ። በአንድ ቁፋሮ ቦይም መንገድም ይገኛል። ሙሌቱ ከሩቅ አይመጣም፤ ለማጓጓዣ የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ ቦዩ ደግሞ መሬቱን ያደርቃል ተብሎ ይታሰባል። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ቁጠባ ያለው ዕቅድ ማግኘት ያስቸግራል።

ዋጋው የታወቀው ቆይቶ ነው። ቦዩ ንጹሑን ውሃ ሲያወጣ በዚያው በር የባሕሩ ውሃ ገባ። በኬፕ ሴብል ዳርቻ ላይ ባሕሩን ከውስጡ ረግረግ የሚለየው ዝቅተኛ የጭቃ ጉብታ በ1920ዎቹ በቦዮች ተቆርጦ ነበርና፣ ማዕበሉ በየቀኑ እየገባና እየወጣ ቦዮቹን አሰፋቸው፤ ንጹሕ ውሃ የለመደውም ሣር በጨው ሞተ። የባሕሩን መግቢያ ለመዝጋት በኋላ የተሠሩት ግድቦች ተሸንቁረው እንደገና በአዲስ መሠራት ነበረባቸው።

መንገዱ ገና ፍላሚንጎ ሳይደርስ አንድ ሌላ ነገር ተፈጸመ። ቴይለር ስሉ በሚባለው የውሃ መተላለፊያ አጠገብ፣ ከሣሩ ባሕር መካከል እንደ ደሴት ብቅ ያለ፣ ረጃጅም የሮያል ፓልም ዘንባባዎች የበቀሉበት ደን ነበረ። የፍሎሪዳ ሴቶች ክለቦች ማኅበር ይህ ደን እንዲጠበቅ ተሟገተ። የማኅበሩ መሪ ሜይ ማን ጄኒንግስ የቀድሞው ገዥ የዊልያም ጄኒንግስ ባለቤት ነበሩ፤ ባለቤታቸው ደግሞ ረግረጉን ለማድረቅ ከተሟገቱት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በአንድ ቤት ውስጥ የነበረውን የእራት ጨዋታ ማን ሰምቶት! ግዛቲቱ 960 ኤከር፣ የባቡር ባለሀብቱ የፍላግለር ባለቤት የነበሩት እመቤትም ያንኑ ያህል ሰጡ፤ በኅዳር ወር 1916 ሮያል ፓልም ስቴት ፓርክ ተመረቀ። ሕግ አውጪው መሬቱን ሲሰጥ ለጥበቃው ገንዘብ ስላልመደበ፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ወጪ የሸፈነው በአብዛኛው የሴቶቹ መዋጮ ነው። እንግዶቹ ለምረቃው የመጡት በዚያው በአዲሱ የሙሌት መንገድ ነበር። ደኑን ለሰው ያቀረበውም፣ የደኑን ውሃ ያወከውም አንድ መንገድ ነው።

ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በታኅሣሥ ወር 1947 የኤቨርግሌድስን ብሔራዊ ፓርክ ሲመርቁ፣ ሮያል ፓልም የአዲሱ ፓርክ እንብርት ሆነ። በ1950ዎቹ ወደ ፍላሚንጎ የሚወስደው አዲስ መንገድ በሌላ መሥመር ሲሠራ አሮጌው ኢንግራም ሃይዌይ ከመኪና ነፃ ወጣ። ከእርሱ የቀረው ረጅም ክፍል ደርሶ መልስ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ለእግረኛና ለብስክሌት ተትቷል። አጭሩ ክፍል ግን የበለጠ ታወቀ፤ አንሂንጋ ትሬል የሚባለው ነው።

አንሂንጋ ትሬል ደርሶ መልስ 1.3 ኪሎ ሜትር ነው። ስሙን ያገኘው ዓሣ በሾጣጣ አፉ ወግቶ ከሚይዝና ከውሃው ወጥቶ ክንፉን ዘርግቶ ከሚያደርቅ ጥቁር ወፍ ነው። ልብ ብሎ የሚራመድ ሰው በዚህች አጭር መንገድ ላይ ሁለት የምሕንድስና ዘመናትን ይረግጣል። የመጀመሪያው ክፍል በአሮጌው አውራ ጎዳና ሙሌት ላይ ይሄዳል፤ ጠንካራ፣ ቀጥ ያለ፣ ውሃን በግራና በቀኝ የሚለይ ነው። ቀጥሎ መንገዱ ከሙሌቱ ወርዶ በምሰሶ ላይ የቆመ የእንጨት መተላለፊያ ይሆናል፤ ውሃውም፣ ዓሣውም፣ አሊጌተር የሚባለው የአዞ ዓይነትም ከእግረኛው ሥር ያልፋሉ። ፓሃዮኪና ማሆጋኒ ሃሞክ በሚባሉት ሌሎች አጫጭር መንገዶችም የተመረጠው ይኸው በምሰሶ ላይ የመሥራት ዘዴ ነው። እንጨቱ ይበሰብሳል፤ አውሎ ነፋስ ይነቅለዋል፤ ጥገናው አያልቅም። በአንድ ሜትር ሲታሰብ ድንጋይ ከምሮ ማለፍ ይረክስ ነበር። ሆኖም ርካሹ መንገድ ሒሳቡን የሚያቀርበው ከሠሪው በኋላ ለሚመጣው ሰው መሆኑን ኬፕ ሴብል አሳይቷል።

ሁሉም ሰው ወዲያው ተማረ ማለት አይደለም። ፓርኩ ራሱ በ1956 እና 1957 ጀልባዎች ከፍላሚንጎ ወደ ውስጠኛው ባሕር እንዲገቡ በተንዉድ ካናል የሚባለውን ቦይ አስቆፈረ። በእርሱም በኩል ጨዋማ ውሃ ገብቶ ኩት ቤይን ስለለወጠው በ1982 በመዝጊያ ግድብ ተደፈነ። በስተ ሰሜን ያለው የሻርክ ቫሊ መንገድ አንዱ ወገንም በ1946 ዘይት ፈላጊዎች የሠሩት ቀጥ ያለ ሙሌት ነው፤ ዛሬ በእግርና በብስክሌት ይዞርበታል። ከሁሉ የከፋው ግድብ ግን በ1928 የተከፈተው ሜዳውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው ታሚያሚ ትሬል ነው። ከሥሩ የተቀበሩት የውሃ ማሳለፊያዎች የዚያን ስፋት ውሃ ማስተላለፍ አልቻሉም። ሙሌቱ እየተነሣ በድልድይ መተካት የጀመረው ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ 1.6 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ድልድይ በ2013፣ ወደ 3.7 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ተጨማሪ ድልድይ በ2019 ተጠናቀቀ።

በአንሂንጋ ትሬል ግን ከስሕተቱ አንድ ያልታሰበ ትርፍ ተገኝቷል። ለአውራ ጎዳናው ድንጋይ የተዛቀበት ጉድጓድ ጥልቅ በመሆኑ፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወቅት ሜዳው ሲደርቅ ውሃው በእርሱ ውስጥ ይቀራል። ዓሣው ወደዚያ ይሰበሰባል፤ ወፉም ዓሣውን፣ አሊጌተሩም ሁለቱን ይከተላል። ጎብኚው ከጥቂት ሜትሮች ርቀት የሚያየው ትዕይንት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ከመንገዱ አጠገብ፣ ጋምቦ ሊምቦ በሚባለው ዛፍ ስም የተጠራ 600 ሜትር ያህል የሆነ ሌላ መንገድ በጥላ ውስጥ ይዞራል። የዛፉ ልጥ ቀይና የሚላጥ በመሆኑ የአገሩ ሰዎች ፀሐይ ባቃጠለው ቱሪስት ይመስሉታል። በነሐሴ 1992 የደረሰው አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ብዙዎቹን ዛፎች ጥሎ ጥላውን ቀንሶት ነበር። በመኪና ማቆሚያው ደግሞ ጥቁር ጥንብ አንሣዎች የመስታወት መጥረጊያ ላስቲክ የመንቀል ልማድ አላቸውና፣ ፓርኩ ለባለመኪናዎች መሸፈኛ ሸራ ያውሳል።

በግንቦት ዝናቡ ሲጀምር ሜዳው እንደገና በውሃ ይሸፈናል። ዓሣው ከጉድጓዱ ወጥቶ በሣሩ መካከል ይበተናል፤ ወፎቹም ይከተሉታል። ያን ጊዜ በአሮጌው ሙሌት ላይ ወደ መተላለፊያው የሚሄድ እግረኛ የሚያገኘው ዝምታና ትንኝ ነው፤ ውሃውም ከእንጨቱ ሥር ወደ ደቡብ ያልፋል።