ቆብ የደፋችው ወፍ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ነበርኩ። ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥዶች መሀል ዋሽንት የመሰለ ድምፅ ሰምቼ ቀና ብል እሷው ናት። ጭንቅላቷና ጉሮሮዋ ጥቁር፣ ገላዋ ቢጫ፣ መንቁሯ ቀላ ያለ። አብሮኝ የነበረውን የወንድሜን ልጅ «ይቺን ወፍ ምን ትሏታላችሁ?» ብዬ ብጠይቀው «ቢጫ ወፍ» አለኝ። እኔስ ብሆን? በማስተምርበት ዘመን ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ «ኦሪዮል» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነው ያለፍኩት። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል፣ ይቅርታ።

የሳይንስ ስሟ ኦሪዮለስ ሞናካ ነው። ሞናካ በላቲን መነኩሲት ማለት ነው። ስሙን በ1789 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ጀርመናዊው ግሜሊን ነው። እሱ ደግሞ የወሰደው ከፈረንሳዊው ቡፎን መጽሐፍ ሲሆን፣ ቡፎን ወፏን «ሞሎክሲታ፣ ወይም የአቢሲኒያ መነኩሲት» ብሏታል።

ሞሎክሲታ! እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ባላገሩ መነኩሴውን «መሎክሴ» ይል የለ? ሴቷ እንግዲህ «መሎክሲት» ናት። የእኛው አማርኛ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው!

እንዴት ፈረንሳይ ደረሰ? ጄምስ ብሩስ በኖቬምበር 1770 እዚሁ ጎጃም፣ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ መጥቶ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ በ1773 ከቡፎን ጋር ተገናኝቶ ሥዕሎቹን አሳየው። አብዛኞቹን ሥዕሎች የሠራው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ግን ጎንደር ላይ ሞቶ ቀርቷል። ብሩስም የሰውየውን ድርሻ በመጽሐፉ አሳንሶታል። ስሙን የነገራቸው ባላገርማ ጭራሽ የለም።

ያ ሰው ግን ወፏን በደንብ አይቷታል። ለፈረንጅ መነኩሲት ሲባል የሚታየው ጥቁር ልብስ ነው፣ ቢጫው ከየት መጣ ሊል ይችላል። ለእኛ ምኑ ይከብዳል? ወይባ ለብሳ ቆብ የደፋች እናት ናታ! ደግሞ የሚገርመው፣ መነኮስ የሚለው የግእዝ ቃል ራሱ ብቸኛ ከሚለው የግሪክ ቃል ከሞናኮስ የመጣ ነው፤ የላቲኑም ሞናካ ከዚያው ነው። ቃሉ ከእኛ ወጥቶ ሄዶ ሄዶ ከዘመዱ ጋር ተገናኘ።

በ1899 ብላንዴልና ሎቫት የተባሉ ተጓዦች የዚችኑ ወፍ ሌላ ወገን «ሜኔሊኪ» ብለው በንጉሠ ነገሥቱ ስም ሰይመዋታል። ያኛው ስም ከላይ የወረደ ነው፤ የእኛይቱ ግን ከባላገር አፍ የተወሰደ። (ስም ይለወጣል፣ አልካድኩም። ደብረ ማርቆስም ድሮ መንቆረር ነበረች።)

እስቲ ደጀን፣ ቢቸና፣ ደምበጫ፣ ሰከላ አያት ያላችሁ ደውሉና ጠይቁልኝ። ጥቁር ራስ ያላትን ቢጫ ወፍ ምን ይሏታል? የነገሯችሁን እንዳለ፣ በአነጋገራቸው ጻፉልኝ።