የውጭ ምንዛሬ ሂሳብ ለማን ይጠቅማል? ለቆጣቢዎች የቀረበ ንጽጽር

በደቡብ ወሎና በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞኖች በርካታ ቤተሰቦች በዓረብ ሀገራት የሚሠሩ ልጆቻቸው በሚልኩላቸው ገንዘብ ይደገፋሉ። ገንዘቡ ባንክ ሲደርስ ቤተሰቡን አንድ ውሳኔ ይጠብቀዋል፤ ወዲያውኑ ወደ ብር ይመንዘር ወይስ በመጣበት የውጭ ገንዘብ ይቀመጥ? መልሱ ገንዘቡ ከየት እንደመጣና የት እንደሚወጣ ይወሰናል።

የ2016ቱ ለውጥ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን የሚያደርግ መመሪያ በሥራ ላይ አዋለ። ከዚያ ቀን በፊት በባንኮች 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይኸው መመሪያ ከውጭ ሀገር ሐዋላ፣ ደመወዝ፣ ኪራይ ወይም ሌላ ገቢ የሚያገኙ የሀገር ውስጥ ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሬ ሂሳብ እንዲከፍቱ ፈቅዷል።

የሂሳብ ዓይነቶች

የመጀመሪያው በተለምዶ የዲያስፖራ ሂሳብ የሚባለው ነው። ከአንድ ዓመት በላይ በውጭ ሀገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በስማቸው ይከፍቱታል። ፓስፖርት ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ እንዲሁም የመኖሪያ ወይም የሥራ ፈቃድ ይጠየቃል። ገንዘቡ በተንቀሳቃሽ ሂሳብ ወይም በጊዜ ገደብ ሊቀመጥ ይችላል። በጊዜ ገደብ የተቀመጠ ገንዘብ የተሻለ ወለድ ያስገኛል፤ ከጊዜው በፊት ከተነሣ ግን ወለዱ ሊቀር ወይም ሊቀነስ ይችላል።

ሁለተኛው የሀገር ውስጥ ነዋሪው ሂሳብ ነው። ልጁ ወይም እኅቱ ከውጭ የምትልክለት ሰው የደረሰውን ገንዘብ ሳይመነዝር ያስቀምጥበታል። ከዚህ ሂሳብ በውጭ ሀገር ለሚገኝ ትምህርት፣ ለሕክምናና ለጉዞ መክፈል ይቻላል። ለቤት ወጪ ሲፈለግ ደግሞ በዕለቱ ተመን ወደ ብር ይለወጣል።

ሦስተኛው ላኪዎች ከወጪ ንግድ ገቢያቸው ከፊሉን የሚያቆዩበት ሂሳብ ነው። የ2016ቱ መመሪያ ላኪዎች የገቢያቸውን 50 በመቶ እንዲያቆዩ ፈቅዷል። ይህ ሂሳብ የላኪው ድርጅት እንጂ የአምራቹ አይደለም። በመተማ ሰሊጡን ለነጋዴ ወይም ለኅብረት ሥራ ማኅበር ያስረከበ አርሶ አደር ክፍያውን የሚቀበለው በብር ነው።

ገቢው በብር ብቻ የሆነ ሰው ዶላር ገዝቶ ለቁጠባ እንዲያስቀምጥባቸው የተዘጋጁ ሂሳቦች አይደሉም። ከጥቁር ገበያ ዶላር ገዝቶ ቤት ማስቀመጥም ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ለሐሰተኛ ኖትና ለስርቆት ያጋልጣል።

ዶላር፣ ሪያል ወይስ ዩሮ?

የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.75 ሪያል እንዲመነዘር ተደርጎ ከዶላር ጋር ተቆራኝቷል። የኤምሬትስ ድርሃምም በ3.6725 ተቆራኝቷል። ስለሆነም ባንኩ ሪያል ወይም ድርሃም የሚቀበል ከሆነ ገንዘቡን ወደ ዶላር መቀየር የምንዛሬ ልዩነት ከማስከፈል ውጭ ብዙም ጥቅም የለውም። ዩሮና ፓውንድ ግን ከዶላር አንጻር በየዕለቱ ከፍና ዝቅ ይላሉ። በእነዚህ የሚቆጥብ ሰው የብርን ብቻ ሳይሆን የዶላርን እንቅስቃሴም መከታተል ይኖርበታል።

ትርፍና ኪሳራው እንዴት ይሰላል?

ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች በብር ለሚቀመጥ ቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛው ወለድ በዓመት 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኗል። በውጭ ምንዛሬ ለሚቀመጥ ገንዘብ የሚታሰበው ወለድ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ጭራሽ የማይታሰብበት ሂሳብም አለ።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. 1,000 ዶላር የተላከለት ሰው ገንዘቡን በ57 ብር መንዝሮ በ7 በመቶ ወለድ ቢቆጥብ ከዓመት በኋላ 60,990 ብር ይኖረዋል። ያው 1,000 ዶላር ሳይመነዘር ቢቆይ ግን ከ100,000 ብር በላይ ያወጣ ነበር።

ይህ የሆነው ግን ተመኑ በአንድ ጊዜ በእጅጉ በመጨመሩ ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ይሆናል ማለት አይደለም። ለምሳሌ አንድ ዶላር በ150 ብር ሲመነዘር 1,000 ዶላር የመነዘረ ሰው ከዓመት በኋላ ከነወለዱ 160,500 ብር ያገኛል። ወለድ በሌለው የዶላር ሂሳብ ያቆየው ሰው ከእርሱ የሚበልጠው የዶላር ዋጋ ከ160 ብር ከ50 ሳንቲም በላይ ሲሆን ብቻ ነው። የዶላር ሂሳቡ 2 በመቶ ወለድ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ማመጣጠኛው ወደ 157 ብር ከ35 ሳንቲም ዝቅ ይላል። ዶላር ከዚያ በታች ከቆየ በብር የቆጠበው ይሻላል።

ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚጠቀም ቆጣቢ ይህን ስሌት እንዳለ አይወስድም፤ በእርሱ ዘንድ የሚታየው የምንዛሬው ለውጥና ትርፍ የሚካፈል ከሆነም ድርሻው ነው።

የሚወጣበት ጊዜና ቦታ

ለመጪው የእርሻ ወቅት ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የሚያስፈልግ ገንዘብ በብር ቢቀመጥ ይመረጣል። ወጪው በብርና በቅርብ ጊዜ ስለሆነ የምንዛሬ ለውጥ መጠበቅ ዘር የሚዘራበትን ጊዜ ሊያሳልፍ ይችላል። በሌላ በኩል ለልጅ የውጭ ትምህርት፣ ለሕክምና ጉዞ ወይም ከውጭ ለሚገባ ዕቃ የታሰበ ገንዘብ በመጣበት ምንዛሬ ቢቆይ ይሻላል። ባንክ የውጭ ገንዘብ የሚሸጥበት ዋጋ ከሚገዛበት ዋጋ ስለሚበልጥ ወደ ብር የተለወጠን ገንዘብ መልሶ ዶላር ማድረግ ተጨማሪ ወጪ አለው።

ዓላማው ለሁለት የተከፈለ ቤተሰብ ገንዘቡንም ለሁለት መክፈል ይችላል። ለአስቤዛና ለእርሻ የሚሆነው በብር፣ ለሩቅ የታሰበው በውጭ ምንዛሬ ይቀመጣል።

ሂሳብ ከመክፈት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቆጣቢው ሁለት ወይም ሦስት ባንኮችን አነጋግሮ የሚከተሉትን ቢያወዳድር ይጠቀማል፦

• ባንኩ የትኞቹን የውጭ ገንዘቦች ይቀበላል?
• መክፈቻው ዝቅተኛ መጠን ስንት ነው?
• ወለድ ይከፈላል? በየስንት ጊዜ?
• ከሂሳቡ በጥሬ ገንዘብ የሚወጣው በብር ነው ወይስ በውጭ ምንዛሬ?
• ለአገልግሎትና ለማስተላለፍ ምን ያህል ይታሰባል?
• ወደ ብር ሲለወጥ የዕለቱ መግዣ ዋጋ ስንት ነው?

ባንኮች ዕለታዊ ተመናቸውን ስለሚያሳውቁ የመጨረሻውን ጥያቄ በስልክም ማጣራት ይቻላል። በአንድ ዶላር ላይ የ2 ብር ልዩነት በ1,000 ዶላር 2,000 ብር ይሆናል። የሂሳቡ ባለቤት ማን እንደሆነም አስቀድሞ መወሰን አለበት። በልጅቱ ስም የተከፈተን የዲያስፖራ ሂሳብ ቤተሰቡ ሊያንቀሳቅስ የሚችለው በሕጋዊ ውክልና ነው፤ በዓመታት ላብ የተጠራቀመ ገንዘብ ለክርክር እንዳይዳርግ ውክልናው የሚፈቅደውና የማይፈቅደው በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።