ከድንኳኑ ውጭ የቀሩት

 

ብዙዎቻችሁ ከጻሃል ከወጣሁ በኋላ ምን ስሠራ እንደቆየሁ ትጠይቁኛላችሁ። በአጭሩ ጄኔሬተር ሳስነሳ ነው የኖርኩት። በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ተማርኩ፣ በጦሩም ያው ሥራ ተሰጠኝ። በቴሌቪዥን የሚታዩት ሐኪሞቹ ናቸው፤ እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ገመድ እየጎተትኩ ከ2010 እስከ 2023 ድረስ አደጋ ወደ ደረሰባቸው አገሮች ተመላልሻለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ሥራውን ትቼዋለሁ። ግን ሳልነግራችሁ የማልተወው አንድ ነገር አለ።

እስራኤል ለሌሎች አገሮች የነፍስ አድን ቡድንና ሐኪሞች መላክ የጀመረችው በእኔ ዘመን አይደለም። በ1988 ወደ አርሜንያ፣ በ1994 የሩዋንዳ ስደተኞች ወደ ተሰበሰቡባት ወደ ጎማ፣ በ1999 ደግሞ ወደ ቱርክ ልካለች። እኔ የደረስኩት በሐይቲ ነው። ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 መሬት ተናወጠችና ከተማዋ ፈረሰች። በፖርት ኦ ፕረንስ በአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ ድንኳን ተከልን። ከ1,100 በላይ ሕሙማን ታከሙ፣ 16 ሕፃናትም እዚያው ተወለዱ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሲያለቅስ ከጄኔሬተሩ ድምፅ በላይ ይሰማኝ ነበር። በኩራት ተመለስኩ።

ኤፕሪል 25 ቀን 2015 ደግሞ ኔፓል ተመታች፤ ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ለሚሉኢም ተጠርቼ ካትማንዱ ሄድኩ። እዚያ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ከአጥሩ ውጭ ትቆም ነበር። ልጅቷ ታማለች፣ ከሩቅ ያስታውቃል። በእጄ ጠራኋት፣ አልገባችም። በማግስቱም መጥታ ቆመች፤ እንደገና ጠራኋት፣ ፊቷን አዞረች። በሦስተኛው ቀን አልመጣችም። ለጓደኛዬ «የሚጠቅማትን አታውቅም» አልኩትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

አገር ቤት ስገባ ይህንኑ ለእናቴ አጫወትኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና ዝም አለች። ቆይታ፣ «እኔም አልገባሁም ነበር፣ ልጄ» አለችኝ።

ታላቅ እህት እንደነበረችኝ አውቃለሁ። «ሱዳን ላይ ቀረች» ሲባል ነው ያደግኩት። እንዴት እንደሞተች ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ወላጆቼ በ1984 ከጎንደር ገጠር ሌሊት ሌሊት በእግር ተጉዘው ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ አካባቢ ያለው ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ገቡ። ዘመኑ የድርቅ ዘመን ነው። ካምፑ ከአቅሙ በላይ ሞልቷል፤ ወባው፣ ኩፍኙ፣ ተቅማጡ ሕፃናትን ይጨርሳል። የእኛ ሰዎች ደግሞ አይሁድነታቸውን ደብቀው ነበር የሚኖሩት። እህቴን ኩፍኝ ያዛት። የሐኪሞቹ ድንኳን ቅርብ ነበር። ነገር ግን «መርፌው ይገድላል፣ ልጆቻችን ገብተው አይወጡም» የሚል ወሬ በካምፑ ይናፈስ ነበር። ከገቡም ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ መባል አለ። እናቴ ሁለት ቀን ከድንኳኑ ፊት ቆመች። በሦስተኛው ሌሊት ልጅቷ ሞተች። ወንዶቹ በጨለማ ቀበሯት፤ ጸሎቱም በሹክሹክታ ሆነ።

«ፈረንጆቹ ክፉ አልነበሩም» አለችኝ እናቴ። «ዱቄቱንም ዘይቱንም የሰጡን እነሱ ናቸው። ግን አንድ ሰው በቋንቋችን ‹እህቴ፣ ምን ፈራሽ?› ብሎኝ ቢሆን እገባ ነበር።»

ኖቬምበር 21 ቀን 1984 ዘመቻ ሙሴ ተጀመረ። ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 እስኪቋረጥ ድረስ ከ6,000 በላይ ወገኖቻችን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ገቡ፤ ወላጆቼም ከነሱ ጋር። በመንገድና በሱዳን ካምፖች የቀሩት ግን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል።

በኖቬምበር 2016 የዓለም ጤና ድርጅት ለጻሃል የሜዳ ሆስፒታል ከፍተኛውን ደረጃ፣ 3ኛውን፣ ሰጠው፤ ከዚያ በፊት ይህን ያገኘ አልነበረም። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የቀረውን ሰው የሚቆጥር ደረጃ የለም ብዬም አሰብኩ።

የመጨረሻ ጉዞዬ ፌብሩዋሪ 2023 ቱርክ፣ ካህራማንማራሽ ነበር። ልዑካችን 19 ሰዎችን ከፍርስራሽ በሕይወት አወጣ። አንድ ሽማግሌ ምግብም ብርድ ልብስም እንቢ ብለው በብርዱ ተቀምጠዋል። በዚህ ጊዜ ገመዴን ትቼ አስተርጓሚ ፈለግሁ። ምን እንደሚፈልጉ ብናስጠይቃቸው «መብራት» አሉ። ወንድማቸው ከሥር ነው፤ በጨለማ ብቻውን እንዲሆን አልፈለጉም። አንድ አምፖል ዘርግቼ አበራሁላቸው። ወንድማቸው በሕይወት አልወጣም። ሽማግሌው ግን ያን ሌሊት ሻይ ጠጡ።

ኡም ራኩባ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በኖቬምበር 2020 ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፈተ። ዜናውን ስሰማ እናቴን አየኋት፤ ምንም አልተናገረችም፣ ነጠላዋን ብቻ ወደ ፊቷ ሳበች።

ያቺ የኔፓል ሴት ለምን እንዳልገባች ዛሬም አላውቅም። አልጠየቅኋትምና። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በሃር ሄርጽል የሱዳን ሙታኖቻችን ሲታሰቡ፣ ከእህቴ ቀጥሎ እሷንና ልጇን አስባለሁ።

እናንተም እናቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ሳይመሽ ጠይቋቸው። እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ሻሎም!