ስም የሌለው መልክ

ፎቶግራፍ የሰውን መልክ ይጠብቃል፤ ስሙን ግን ካልጻፉለት አይናገርም። በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ በየገጠሩ ቤት የተቀመጡትን አሮጌ ፎቶግራፎች ባየሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ።

ብዙዎቹን ያመጣቸው ለሥራ አዲስ አበባ የሄደው የቤቱ ልጅ ነው፤ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ሲመለስ ይዟቸው ይመጣ ነበር። በምድጃው ጢስ ጠቁረዋል። ሆኖም ጀፎረው ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ፥ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ እንዴት ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅል እንደ ነበረ፥ ሴቶቹም እንሰት ሲፍቁ እንዴት ይቀመጡ እንደ ነበረ ያሳዩናል።

አሜሪካዊው ሊቅ ዊልያም ሻክ በቸሃ ምድር ተቀምጦ ያጠናውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሟል። ስለ እንሰትና ስለ ጎሣ ሥርዐት የጻፈው ብዙ ያስተምራል። ነገር ግን በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው አያት ማን እንደ ነበረች ሊነግረን አይችልም፤ ይህ የልጅ ልጆቿ ሥራ ነው።

ስም ሲጠፋ ምን እንደሚቀር ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፥ በሶዶ ምድር፥ ጢያ የሚባል ሥፍራ አለ። በዚያ ካሉት 36 ሐውልቶች 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ፈረንሳዊው የካፑቺን መነኩሴ አባ አዛይስ በሶዶ ምድር ያሉትን ሐውልቶች መርምረው፥ በ1931 ፎቶግራፋቸውን ከጥናታቸው ጋር በፓሪስ አሳተሙ፤ ጢያም በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክት መሆናቸው ታውቋል፤ የተቀረጹትንም ሰይፎች መቁጠር ይቻላል። የተቀበሩት ሰዎች ስም ግን ጠፍቷል።

የእኛም ፎቶግራፎች እንዲህ እንዳይሆኑ እሠጋለሁ። ይልቁንም አስቀድሞ የሚጠፋው የትንሹ ሰው ስም ነው። ያማረ ጎጆ በፎቶግራፍ ሲታይ የባለቤቱ ስም ይነሣል፤ እንጨቱን ጠርቦ ምሰሶውን ያቆመውን እጀ ጥበበኛ ግን የሚጠይቅ የለም። እነዚያ ሰዎች መሬት ተከልክለው በንቀት ስም ይጠሩ ነበር፤ ሀገሩ ሁሉ የሚኖረው ግን እነርሱ በሠሩት ቤት ነበረ። ስማቸውን መጻፍ ውለታ ማድረግ አይደለም፤ ዕዳ መክፈል ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ በመጪው መስቀል ወይም አረፋ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ፥ ፎቶግራፎቹን አውርዳችሁ በአያቶቻችሁ ፊት ዘርጉ። የእያንዳንዱን ሰው ስም፥ የአባቱንና የእናቱን ስም፥ መንደሩንና ዘመኑን በጀርባው ላይ በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ጻፉ። ሴቶቹንና ሠራተኞቹን አትዝለሉ። ዛሬ ፎቶግራፉን በስልክ መቅዳት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስም የሌለውን መልክ ሺህ ጊዜ ብትቀዱት፥ ሺህ ስም የሌለው መልክ ይሆናል። የሚያውቁት ሽማግሎችና ባልቴቶች በየዓመቱ እያነሱ ነው፤ ለከርሞ አትበሉ።