በወላይታ አርሶ አደር ቤተሰቦች ድርቅን የሚቋቋሙባቸው መንገዶች

በወላይታ ዞን የገጠር ቤተሰቦች ድርቅን የሚቋቋሙት በእንሰት፣ በሥራ ሥር ሰብሎች፣ በእንስሳት ሽያጭና በቀን ሥራ ነው።

የበቆሎ ምርት በአብዛኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት በሚጥለው የበልግ ዝናብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ስኳር ድንች አዲሱ እህል እስኪደርስ ያለውን የእጥረት ወቅት ያሻግራል። በ2000 ዓ.ም በልጉ በመጓደሉና ዝናቡ ዘግይቶ በመምጣቱ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ረሃብ ተከስቷል። ይህም "አረንጓዴ ረሃብ" በመባል ይታወቃል።

ችግር ሲገጥም ቤተሰቦች በቅድሚያ የምግብ መጠን ይቀንሳሉ፤ ያልደረሰ እንሰትም ይቆርጣሉ። ቀጥሎም በግና ፍየል ይሸጣሉ፤ ወጣቶች ለቀን ሥራ ወደ ከተሞችና ሰፋፊ እርሻዎች ይሄዳሉ። የእርሻ በሬ ሽያጭ የመጨረሻው አማራጭ ነው። በሬውን የሸጠ ቤተሰብ ዝናቡ ቢመለስም ማሳውን በወቅቱ ለማረስ ይቸገራል፤ የተቆረጠውን እንሰት ለመተካትም ዓመታት ይፈጃል። በድርቅ የደረቀ የስኳር ድንች ሐረግም ለቀጣዩ ተከላ እጥረት ያስከትላል።

በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ዓላማ ቤተሰቦች በልማት ሥራ ተሳትፈው ገንዘብ ወይም እህል በማግኘት ጥሪታቸውን ከመሸጥ እንዲድኑ ነው። በሁምቦ ወረዳም 2 ሺህ 728 ሄክታር የተራቆተ መሬት በኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ተከልሎ ደኑ እንዲያገግም ተደርጓል።

በመሆኑም በገበያ የእህል ዋጋ እየናረ የእርሻ በሬ ዋጋ ሲወድቅ፣ ድጋፉ ሳይዘገይ መድረስ እንዳለበት የሚያመለክት ማስጠንቀቂያ ነው።