የጠፈር መርከብ ለምን ይቆሽሻል?

ጠፈር ውስጥ ጭቃ የለም፤ አቧራ የሚያስነሳ ሚኒባስም አያልፍም። ታዲያ በፊልም የምናያቸው የጠፈር መርከቦች ለምንድን ነው የሚቆሽሹት? ጥያቄው የልጅ ይመስላል፤ መልሱ ግን የራሱ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1968 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ሲሠራ መርከብን በኮምፒውተር መሥራት የሚታሰብ አልነበረም። «ዲስከቨሪ» 16 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ በእጅ የተሠራች ሞዴል ናት። ሠሪዎቹ ገላዋን ለመሙላት ከሱቅ ከተገዙ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ሞዴሎች ጥቃቅን ክፍሎችን ይለቅሙ ነበር። ቀለሟ ግን ነጭ፣ እድፍ የማያውቀው ነው። ስታዩዋት ማን እንደሚጠርጋት፣ ማን እንደሚጠግናት አይታሰባችሁም።

ጆርጅ ሉካስ የፈለገው ተቃራኒውን ነበር። በ1975 ሎስ አንጀለስ፣ ቫን ናይስ ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ «ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ»ን አቋቋመ። በ1977 «ስታር ዋርስ» ላይ የታየችው «ሚሌኒየም ፋልከን» እኛ ሰፈር በደንብ የምትታወቅ ዓይነት ናት፦ ላሜራዋ አሥር ጊዜ የተቀየረ፣ ስቱኮዋ የሚታይ፣ ግን የምትሄድ ታክሲ።

አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። መጀመሪያ ግራጫ ቀለም ይቀባል። ቀጥሎ አንዳንዱ ላሜራ ብቻውን ትንሽ ይጠቁራል ወይም ይነጣል፤ «ይሄኛው ከሌላ መርከብ የመጣ ነው» እንድትሉ። ከዚያ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም ይፈስስበትና ይጠረጋል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ይቀራል። በመጨረሻ የጭስና የዝገት ዱቄት። ይህ ሁሉ ለውበት ብቻ አይደለም። ዓይናችን የአንድን ነገር ትልቅነት የሚለካው በላዩ ባሉት ትንንሽ ነገሮች ነው። የፋልከን ሞዴል 1.5 ሜትር ገደማ ናት፤ ንጹሕ ብትሆን ኖሮ መጫወቻ ትመስል ነበር።

መብራትም እንደዚያው ነው፤ መስኮቱ ባነሰ ቁጥር መርከቡ ይገዝፋል። ለ1980ው ፊልም 2.5 ሜትር ገደማ የሆነ የጦር መርከብ ሞዴል ሲሠራ፣ ብርሃኑ ከውስጥ በእጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዲወጣ ተደረገ። ተመልካቹ ሳይነገረው ውስጡ ሰው አለ ብሎ አመነ።

ነገሩ ሙዚየም ድረስ ደርሷል። የ«ስታር ትሬክ»ን «ኢንተርፕራይዝ» ዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም በ1974 ተረከበ። 3.4 ሜትር ገደማ ናት። በ2016 ታድሳ ስትቀርብ መብራቷ ወደ ኤልኢዲ ተቀየረ፣ ገላዋም ተቀባ። የክቡ ክፍሏ አናት ግን አልተነካም፤ የ1960ዎቹ ቀለም ከነሰው ሠራሽ እድፉ እዚያ አለ። አስቡት፣ የውሸት ቆሻሻ ቅርስ ሆነ።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ የሠራው «ክራምስ» (ፍርፋሪ እንደማለት) የሚባል ሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልም አለ። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል። ዓለም ካበቃለት በኋላ ሰማይ ላይ የዛገ መርከብ ቆሟል፤ ምድር ላይ ደግሞ የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ከበረ ዕቃ ይታያል። ኮልፌ ላደገ ሰው ይሄ ብዙም እንግዳ አይደለም። ቆራሌው በጠዋት እየተጣራ ያልፋል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ደግሞ የተጣለ የተባለው ሁሉ ዋጋ አለው።

እኔም መርከቤን የምሠራው ከዚሁ ነው፦ ከሞተ ቻርጀር፣ ከሪሞት ሆድ ዕቃ፣ ከእስክሪብቶ ቀፎ። ጥቁሩን ከከሰል ዱቄት፣ ዝገቱን ከእውነተኛ ቆርቆሮ ፍቄ አገኘዋለሁ። ፕላስቲኩ ራሱ እንዳያበራ ውስጡን መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያ ነጭ እቀባለሁ። ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ 3 ቮልት የሚፈልግ ነጭ ኤልኢዲ፣ 20 ሚሊ አምፔር፦ ስሌቱ 300 ኦም ይላል፤ 330 አስገባለሁ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ይጨልማል፤ መርከቤ ግን መስኮቶቿ እንደበሩ ነው።

ጨዋታ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ ነውም። ግን ከተማው ውስጥ ሕንፃ በሚሠራበት አጥር ሁሉ ላይ የተለጠፈውን ምስል ተመልከቱ። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝና ምስሉ እንዴት እንደሚወጣ አውቃለሁ፦ አቧራ ካልጨመራችሁበት አቧራ የለውም፤ ሱቅ በደረቴ፣ ሊስትሮ፣ ጉሊት ካልጨመራችሁበት አይኖሩም። ዲስከቨሪን ይመስላል። የ1977ቱ መርከብ ሠሪዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ መጪው ዘመን ውስጥ ሰው እንዲኖር ከፈለጋችሁ፣ የእጁን እድፍ አብራችሁ መሣል አለባችሁ።