ጥቁሩ ፉልክ፦ ግንብ ሠሪው ተነሳሒ

የቦልዮ ገዳም ቅዳሴ ቤት በተከበረበት ዕለት ድንገት ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደው። ይህን የጻፈልን የዘመኑ መነኩሴ ራውል ግላቤር ነው። ገዳሙን ያሠራው የአንዡ ገዢ ፉልክ ነበር። የቱር ሊቀ ጳጳስ፣ ፉልክ የነጠቀውን የቤተ ክርስቲያን ርስት ካልመለሰ አልባርክም ቢሉት ወርቅና ብሩን ጭኖ ሮም ሄደ፤ የሮሙም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንዲባርክለት ካርዲናል ላኩለት። ለመነኩሴው የነፋሱ ትርጉም ግልጽ ነበር፤ እግዚአብሔር የግፍ ስጦታ አልወደደም።

ፉልክ ኔራ፣ «ጥቁሩ ፉልክ»፣ በምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኘውን የአንዡን ግዛት ከአባቱ የወረሰው በ987፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገና በወጣትነቱ ነው። በዚያው ዓመት ሁግ ካፔ የፈረንሳይን ዘውድ ቢጭንም ትእዛዙ ከፓሪስ ዙሪያ ብዙም አይርቅም ነበር። ባላባቱ ሁሉ የሚያድረው በገዛ ጉልበቱ ነው። በ992 የብሪታኒ ሰዎች ኮንከረይ ላይ ጉድጓድ ቆፍረውና ሸፍነው ጠበቁት። ፊት የጋለቡት ፈረሰኞቹ ገቡበት። ቀኑ ሲመሽ ግን የሞተው የብሪታኒው ገዢ ኮናን፣ ድሉም የፉልክ ሆነ።

የያዘውን መሬት የሚያጸናው በግንብ ነበር። ዋና ባላንጣዎቹ የብሉዋ ገዢዎች ነበሩና በሎዋር ሸለቆና በዙሪያው ምሽጎቹን ተራ በተራ ተከለ፤ ከአንዱ የተነሣ ፈረሰኛ በቀን ጉዞ ሌላው ዘንድ ይደርሳል። የላንዤን ግንብ በ990ዎቹ ሠራ። የሎሽ ግንብ እስከ ዛሬ 36 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። ብዙዎች ከፉልክ ዘመን በኋላ የተሠራ ይመስላቸው ነበር። በግድግዳው ውስጥ የቀሩት እንጨቶች ቀለበት ሲቆጠር ግን ሥራው ከ1013 እስከ 1035 ባሉት ዓመታት መካከል መካሄዱ ታወቀ። በ1016 ብሉዋዎችን ፖንትለቫ ላይ ድል ነሣ፤ በ1026 ደግሞ ሶሙርን ቀማቸው።

የቤቱ ታሪክ ይከብዳል። በ1000 ዓመት ዋዜማ ግድም ሚስቱ ኤልዛቤት በዝሙት ተከሳ አንዤ ከተማ ላይ በእሳት ተቃጠለች።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ተነሣ። ግላቤር እንደሚለው ያፈሰሰው ደም የገሃነምን ፍርሃት አሳድሮበት ነበር። የቦልዮን ገዳም የሠራው ከዚህ ጉዞ ሲመለስ ነው። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቅድስት ሀገር ደርሷል። የጌታን መቃብር ሲሳለም በጥርሱ ድንጋይ ነክሶ አመጣ የሚል ትውፊትም በአገሩ ሲነገር ኖሯል። በሰኔ 1040 ከመጨረሻው ጉዞ ሲመለስ ሜስ ከተማ ላይ ሞተ፤ አስከሬኑ ነፋስ ጣሪያውን በነጠቀው ገዳም፣ በቦልዮ፣ ዐረፈ።

በ1131 የልጅ ልጁ ልጅ፣ ስሙም ፉልክ፣ በዚያው በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን የኢየሩሳሌም ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ጫነ።